የእናቴን ድምፅ እሰማለሁ፤ አብጃለሁ እንዴ?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ብዙ ጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። እናቴ ካረፈች ዘጠኝ ወር ሆናት። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ከሞተች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ድምፅዋን መስማት ጀመርኩ። አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ላይ፣ ገና ከእንቅልፌ ስነቃ በስሜ ትጠራኛለች። አንዳንዴ ቀንም ወጥ ቤት ሆኜ «ልጄ» ስትለኝ ይሰማኛል። ዞር ስል ማንም የለም። መሞቷን አውቃለሁ። አልፈራም፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ቀኔ ቀለል ይላል።

ችግሩ የመጣው ለሰው ስናገር ነው። መጀመሪያ ለአክስቴ ነገርኳት። «ታድለሽ! አልተለየችሽም ማለት ነው» አለችኝና አብረን አለቀስን። ታላቅ ወንድሜ ሲሰማ ግን ተቆጣ። «እሷ አይደለችም፤ እሷን መስሎ የሚመጣ ክፉ መንፈስ ነው፤ ጸሎት ይደረግልሽ» አለ። እጮኛዬ ደግሞ ዝም ብሎ ካዳመጠኝ በኋላ ስልኩን አውጥቶ ሲያነብ ቆየ። ከዚያ «ስኪዞፍሬኒያ የሚጀምረው ድምፅ በመስማት ነው ይላል፤ ሐኪም ጋ እንሂድ» አለኝ። ለእህቱም የነገራት ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ አስተያየቷ ተለውጧል። «በዘራቸው እንዲህ ዓይነት ነገር አለ ወይ?» ብላ እንደጠየቀችው ሰምቻለሁ። ልንጋባ ያሰብነው በሚቀጥለው ዓመት ነው።

ሐኪም ጋ መሄድ አልጠላም። ግን አንዴ እዚያ በር ከገባሁ «የአእምሮ በሽተኛ» የሚለው ስም አይለቀኝም ብዬ እፈራለሁ። እውነት አብጃለሁ እንዴ? ከሦስቱ ማንን ልስማ? ወይስ መጀመሪያውኑ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር?

ይቅርታ፣ አበዛሁብዎት። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው ሌሊት ቁጭ ብዬ የምጽፈው። ምግብም አስጠልቶኛል፤ ልብሴ ሁሉ ሰፍቶኛል። ከሥራ ሌላ የትም አልሄድም፤ ጓደኞቼም መደወል ትተዋል። ሰው ግን «ለእናት እንዲህ ነው እንጂ! እንደሷ ያለ ልጅ ይስጠን» እያለ ያመሰግነኛል።

ግራ የገባኝ

ውድ እህቴ፣

እናትሽን ነፍስ ይማር። ሁለት ዓመት ሙሉ አስታሞ በመጨረሻ ባዶ ክፍል ታቅፎ መቅረት ቀላል ነገር አይደለም።

በጣም ያስጨነቀሽን ጥያቄ ሳላቆይሽ ልመልስ። በደብዳቤ ማንንም መመርመር አይቻልም። በጻፍሽው ልክ ከሄድን ግን የእናትሽን ድምፅ መስማትሽ ብቻውን የእብደት ምልክት አይደለም። የሞተን ሰው ድምፅ መስማት፣ ጠረኑ ሽው ሲል፣ «አሁን እዚህ ነበረ» ማለት በኀዘን ውስጥ ያለ ብዙ ሰው የሚያጋጥመው ነው። በተለይ ከእንቅልፍ ስንነቃ ወይም እንቅልፍ ሊወስደን ሲል በስም መጠራት ኀዘን የሌለበት ሰው እንኳ ይደርስበታል።

ዴዊ ሪስ የተባለ ሐኪም በዌልስ ባሎቻቸው ወይም ሚስቶቻቸው የሞቱባቸውን 293 ሰዎች አነጋግሮ ውጤቱን በ1971 (እ.ኤ.አ.) አሳትሟል። ግማሽ ያህሉ የሟቹ መኖር በሆነ መንገድ ይሰማቸው ነበር። ከመቶ 13 ያህሉ ድምፅ ሰምተዋል። አብዛኞቹም ነገሩ እንዳጽናናቸው ተናግረዋል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላው ውጤት ነው፦ ብዙዎቹ ሐኪሙ እስኪጠይቃቸው ድረስ ለማንም ትንፍሽ አላሉም ነበር። አንዱ ምክንያታቸው ሰው ይስቅብናል የሚል ፍርሃት ነው። በየቤቱ ያለ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ግን የሱ ብቻ እየመሰለው ደብቆት ይኖራል። ስለዚህ «ዝም ብል ይሻለኝ ነበር ወይ?» ላልሽው፣ አይመስለኝም። የከበደሽ የሰማሽው ድምፅ አይደለም፤ ከነገርሻቸው በኋላ የመጣው ነው።

እስቲ ሦስቱን ሰዎችሽን እንያቸው። ሦስቱም የሰሙት ያንኑ አንድ ወሬ ነው። አክስትሽ በረከት አየችበት። ወንድምሽ ክፉ መንፈስ አየ። እጮኛሽ በሽታ አየ። አንቺ ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለያየው እያንዳንዳቸው ያደጉበት፣ ያመኑበት፣ ያነበቡት ነገር ነው። ሦስቱም ይወዱሻል ብዬ አምናለሁ። የተጣሉትም ስለወደዱሽ ይመስለኛል።

ጤነኛና ጤነኛ ያልሆነውን የሚለየው መስመር ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሰው ያሰምረዋል፤ አንዳንዴም በጣም አጣሞ ያሰምረዋል። በ1851 (እ.ኤ.አ.) ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከጌቶቻቸው የሚያመልጡ ባሪያዎች የአእምሮ ሕመም አለባቸው ብሎ ጻፈ። ስምም አወጣለት፤ «ድራፒቶማኒያ» አለው። መከላከያ ብሎ ካዘዘው አንዱ ጅራፍ ነው። ነፃነት መፈለግ በሽታ፣ መግረፍ ደግሞ ሕክምና ሆነ ማለት ነው። በሶቪየት ኅብረት ዘመንም መንግሥትን የተቃወሙ ሰዎች «በዝግታ የሚሄድ ስኪዞፍሬኒያ» ተብለው ሆስፒታል ውስጥ ተዘግቶባቸዋል። ይህን የምነግርሽ ሐኪም እንድትፈሪ አይደለም፤ እኔ ራሴ ሂጂ ልልሽ ነው። ሰው አፍ ላይ ያለ ስም ሁሉ የተመዘነ አለመሆኑን እንድታውቂ ነው። የስልክ ፍለጋ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ሚዛን ነው። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ሕመም ድምፅ መስማት ብቻ አይደለም። ከእውነታ የራቀ ጽኑ እምነት፣ የተበታተነ ንግግርና አስተሳሰብ፣ ሥራና ኑሮ መፍረስ የመሳሰሉት አብረው ይታያሉ፤ እሱም ሰንብቶ፣ በሐኪም ታይቶ ነው። አንቺ እናትሽ መሞቷን ታውቂያለሽ። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ወደ ሌላው ጫፍ እንዳንሄድም እፈራለሁ። «ባህል የፈጠረው ነው» ብሎ ሕመምን ሁሉ ማጣጣል ቀላል ነው። ከባድ የአእምሮ ሕመም በየትኛውም ኅብረተሰብ አለ፤ ስቃዩም እውነተኛ ነው። አካባቢያችን የሚለውጠው ሕመሙ የሚይዘውን መልክ፣ የሚሰጠውን ትርጉም፣ ታማሚው የሚያገኘውን ፊት ነው። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት (የሰውን ባህልና አኗኗር አጥኚ) ታንያ ለርማን ከባልደረቦቿ ጋር ይህን በደንብ አሳይታለች። በካሊፎርኒያ፣ በጋናዋ አክራና በሕንዷ ቼናይ በሕመም ምክንያት ድምፅ የሚሰሙ 60 ሰዎችን አነጋገሩ፤ ከየቦታው 20። የካሊፎርኒያዎቹ ድምፆች በአብዛኛው የሚሳደቡና ስለ ጥቃት የሚያወሩ ነበሩ፤ ሰዎቹም የተበላሸ አእምሮ ምልክት አድርገው ያዩዋቸዋል። በቼናይ ብዙዎቹ የሚሰሙት የዘመድ ድምፅ ነው፤ ይመክራል፣ ይቆጣል፣ የቤት ሥራ ያዛል። በአክራ ብዙዎች ፈጣሪ ያናግረናል ይላሉ። ሁሉም ታማሚዎች ናቸው፤ ያንቺ ጉዳይ ከነሱ ይለያል። ግን አየሽ፣ በፍርሃት የሚከበብ ድምፅና በዘመድ ወግ የሚሰማ ድምፅ እኩል አያሰቃዩም። ያንቺ እስካሁን የሚያጽናና ነው። ዙሪያሽ ያለው ሰው ሲንጫጫበት ወደ ማስፈሪያ እንዳይለወጥብሽ እሰጋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነብ ያስጨነቀኝ ድምፁ አይደለም። «ይቅርታ፣ አበዛሁብዎት» ካልሽ በኋላ ያለው ነው። እንቅልፍ የለሽም። አትበይም። ከስተሻል። ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ ሆነሻል። ስልክሽ መጮህ አቁሟል። ይህን ግን የጻፍሽው ተጨማሪ ወሬ አድርገሽ ነው፤ ጥያቄ እንኳ አላደረግሽውም።

ቤተሰቡ በሙሉ በድምፁ ሲጨቃጨቅ ክብደትሽ መቀነሱን ያነሳ አንድ ሰው አለመኖሩ ለምን ይመስልሻል? እኔ የሚመስለኝን ልንገርሽ። ድምፅ መስማት ለሰው ጆሮ እንግዳ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ደነገጠ። ለእናት ሲሉ መክሳት ግን የተከበረ ነገር ነው። ያስመሰግናል። «እንደሷ ያለ ልጅ ይስጠን» ያሰኛል። ስለዚህ የማይጎዳሽ ነገር በሽታ ተባለ፣ የሚጎዳሽ ነገር ደግሞ ጨዋነት ተባለ። ኅብረተሰብ ስለ ጤና ሲፈርድ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እንዲህ ነው፤ የሚያየው ያልለመደውን እንጂ የሚያሳምመውን አይደለም። ሲሞገስ ደግሞ ሕመም ለመደበቅ ይመቸዋል። አንቺም ሙገሳው እንዳይቀርብሽ ብለሽ ነው አልልም። ግን እስቲ ራስሽን ጠይቂ፦ ዛሬ ከልብሽ ብትስቂ፣ ጠግበሽ ብትበዪ፣ እናትሽን የከዳሽ ይመስልሻል?

ሐኪሞችም ቢሆኑ በዚህ ላይ ድንበር ለማበጀት ተቸግረዋል። ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሁለቱ ትልልቅ የሕመም መለያ መጻሕፍት «የተራዘመ ኀዘን» የሚባል የጤና እክል አስገብተዋል። የዓለም ጤና ድርጅቱ መለያ ቢያንስ 6 ወር ይላል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 12 ወር ይላል። አንቺ ዘጠነኛ ወርሽ ላይ ነሽ። ባንደኛው መጽሐፍ ሊመለከትሽ ይችላል፤ በሌላኛው ገና ነሽ። ወሩ ብቻ አይበቃም፤ ሰውን አላኖር ያለ ብርቱ ናፍቆትና ሥቃይ፣ የኑሮ መደናቀፍም መኖር አለበት። ደግሞ ሁለቱም መጻሕፍት ኀዘኑ የሰውየው ባህልና ሃይማኖት ከሚጠብቀው በላይ መሆኑን እዩ ይላሉ። ሳይንሱ ራሱ «የእናንተ ሰዎች እንዴት ነው የሚያዝኑት?» ብሎ ሳይጠይቅ መፍረድ አልቻለም ማለት ነው። እኔ ይህን እንደ ድክመት አላየውም።

ስለዚህ «ታምሜያለሁ ወይስ አልታመምኩም?» የሚለውን ለጊዜው ተይው። እነዚህን ጥያቄዎች ለብቻሽ ሆነሽ መልሺልኝ። ጠዋት ተነስተሽ ቀኑን ለመጀመር አቅም አለሽ? ድሮ ደስ ይሉሽ ከነበሩ ነገሮች ዛሬም ደስ የሚልሽ አለ? እሷን በማስታመም ላይ «ይህን ባደርግላት ኖሮ» የሚል ፀፀት ይበላሻል? አንዱን ደግሞ በግልጽ ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚኝ፦ «እሷ ወዳለችበት ብሄድ» ብለሽ ታውቂያለሽ? መልስሽ አዎ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቂ። ዛሬውኑ ለአክስትሽ ወይም ለምታምኚው ሰው ንገሪ፤ ብቻሽን አትደሪ፤ አቅራቢያሽ ወዳለ የሕክምና ተቋም ሂጂ። መልስሽ አይደለም ቢሆንም እንኳ ወራት የዘለቀ እንቅልፍ ማጣትና መክሳት መታየት አለበት።

ስሙ እንዳይለጠፍብሽ ፈርተሻል። እረዳሻለሁ፤ ከንቱ ፍርሃትም አይደለም፤ ሰው ይለጥፋል። ግን የግድ «የአእምሮ» የሚል በር ማንኳኳት የለብሽም። ጠቅላላ ሐኪም ጋ ሂጂና «እንቅልፍ የለኝም፣ አልበላም፣ ከስቻለሁ፣ እናቴ ከሞተች ዘጠኝ ወሯ ነው» በዪ። እውነቱ ይኸው ነው። የደምና የታይሮይድ ምርመራ ሊያዝልሽ ይችላል፤ መክሳትና እንቅልፍ ማጣት የሰውነትም ምክንያት ይኖረዋል። ከዚያ ወደ ሥነ ልቦና ወይም ሥነ አእምሮ ባለሙያ ቢልክሽ፣ የሄድሽው ለኀዘንሽ ነው። ለአንድ ባለሙያ የምትነግሪው በምስጢር የሚያዝ ነው። ለማን ምን እንደምትናገሪ የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ የእጮኛሽ እህት እዚህ ውስጥ ድርሻ የላትም።

ድምፁንም አትደብቂ። ግን ሙሉውን ንገሪ፦ መቼ እንደምትሰሚው፣ ምን እንደሚልሽ፣ እንደማያስፈራሽ፣ መሞቷን እንደምታውቂ። «ድምፅ እሰማለሁ» ብለሽ ብታቆሚ የቸኮለ ሐኪም የእጮኛሽን ስልክ ሊደግምልሽ ይችላል። ቤት ሆነሽ አጠር ያለ ማስታወሻ ጻፊ። ችግሩን በራስሽ ቋንቋ ምን ትዪዋለሽ? ቤተሰብሽ ከምን መጣ ይላል? የሚያጽናናሽ ምንድን ነው? ከሐኪሙ የምትፈልጊው ምን ዓይነት እርዳታ ነው? ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የአሜሪካው መጽሐፍ ለሐኪሞች ያቀረበው የባህል ቃለ መጠይቅ አለ፤ 16 ጥያቄዎች ነው፤ እነዚህን የመሰሉ ጥያቄዎች ይበዙበታል። ሐኪሙ ባይጠይቅሽም አንቺ ተዘጋጅተሽ ብትሄጂ ጥሩ ነው። ሳያዳምጥሽ ስም ከሰጠሽ ወይም ካጣጣለሽ ሌላ ሐኪም ማየት መብትሽ ነው።

ድምፁ ባህሪውን ከለወጠ ግን ቶሎ ተነሺ። ማዘዝ፣ መሳደብ፣ ራስሽን ወይም ሌላ ሰው እንድትጎጂ መገፋፋት ከጀመረ፣ የማታውቂያቸው ሰዎች ድምፅ ከተጨመረ፣ ወይም እናትሽ በሕይወት እንዳለች ከልብሽ ማመን ከጀመርሽ፣ አትጠብቂ። ብዙ ሌሊት ያልተኛ አእምሮ ብቻውን የሌለ ነገር ሊያሰማና ሊያሳይ ይችላል። እንቅልፍሽን መልሰሽ ማግኘትሽ ለዚህም ነው የሚያስፈልግሽ።

ወንድምሽን አትጋፊው። እሱም እኮ እናቱ ሞታበታለች፤ ምናልባት እሱን ስለማትጠራው ይሆን የተቆጣው? ይህን የምለው በግምት ነው፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። መጸለዩ የሚያሳርፍሽ ከሆነ «እሺ፣ አብረን እንጸልይ፤ ሐኪምም አያለሁ» በዪው። ጸሎቱና ሕክምናው አይጣሉም። የማልስማማው አንድ ነገር ላይ ነው፦ ማንም ቢሆን፣ በምንም ስም፣ ምግብሽን፣ እንቅልፍሽን ወይም መድኃኒትሽን እንድትተዪ ካለ እምቢ በዪ።

እጮኛሽ ሐኪም ማለቱ ልክ ነው፤ ምክንያቱ ነው የሳተው። እንዲህ ብትዪውስ፦ «ድምፁ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ አለመተኛቴ ነው። ሐኪም ጋ አብረኸኝ ና፣ ግን የነገርኩህን ለሌላ ሰው ከመንገርህ በፊት ጠይቀኝ።» ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አይቅር። ከመጋባታችሁ በፊት መስማማት ያለባችሁ ጉዳይ ነው፤ ነገም ስለ ሌላ ምስጢር ይደርሳል። እህቱ በዘር ስለጠየቀችው ደግሞ፣ እናትን መናፈቅ በዘር የሚተላለፍ ከሆነ ሁላችንም ተይዘናል። በቤታችሁ የታመመ ሰው ቢኖር እንኳ የምታፍሩበት አይሆንም፤ ግን እሱ ያንቺና የእጮኛሽ ወሬ ነው።

በዚህ ሳምንት ሁለት ትንንሽ ነገር ሞክሪልኝ። አንዷን ጓደኛሽን አንቺ ደውዪላት። የተውሻት መስሏት ይሆናል የተወችሽ፤ ሰው ከኀዘንተኛ የሚሸሸው ብዙ ጊዜ ምን እንደሚል ጠፍቶት ነው። ስለ ጤናሽ ማስረዳት አይጠበቅብሽም፤ «ወጣ እንበል» ይበቃል። ሌላው፣ በቀን አንዴ ከሰው ጋር ተቀምጠሽ ብዪ፤ አክስትሽ ለዚህ የምትሆን ይመስለኛል። ሐኪም ጋም እሷም አብራሽ ብትሄድ ጥሩ ነው፤ ሳትደነግጥ የሰማችሽ እሷ ብቻ ናት።

ጠዋት ስትጠራሽ «አቤት» ብትዪ ክፋት የለውም። ቀጠሮውን ግን ይህ ሳምንት ሳያልቅ ያዢ። ሐኪሙ ያለሽን ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል፤ በተለይ ስለ እንቅልፉ።